ሁለተኛ ዓይን

መለያው የተለጠፈው ክዳኑ ላይ ነበር።

ለሌላ ሰው ይኼ ምንም አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብታ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃዎች ያየችው ሴት ግን ክው ብላ ቀረች። አንደኛው ክዳን ላይ «የዶሮ መረቅ፣ ጨው የሌለው» ይላል፤ ሌላኛው ላይ «የዶሮ መረቅ፣ ጨው ያለው»። የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች። የፊደሎቹን እግር ከመስመር በታች እየጎተተ የሚጽፍ ሰው በዚህ ማዕድ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከዓመት በላይ መለያ ሲለጥፍ የኖረው በዕቃው ሆድ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አልነበረም፤ ይህንንም ያደረገው ለእሷ ብሎ ነው።

«በቃ፣ ጨርሶ ትቶኛል» አለች ለራሷ።

ከአንዲት የፕላስተር ቁራጭ ይህን ሁሉ ማንበቧ አይግረማችሁ። ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁና እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ሴትዮዋን የማዕድ ቤቱ ሰዎች ሚዛን ይሏታል። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ወደ ምግብ ዝግጅት ማሠልጠኛው ከመምጣቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአባቷ ፋርማሲ ነጭ ጋውን ለብሳ ስትመዝን፣ ስትቆጥርና ስትለጥፍ ኖራለች። እዚህ በገባች በመጀመሪያው ቀን፣ ለአንድ ድስት የሚሆን ጨው በግራም መዝና፣ ትርፍ የመሰላትን ሦስት ቅንጣት በቢላዋ ጫፍ ለቅማ ስትመልስ ታየች። ስሙ የዚያኑ ዕለት ወጣላት።

ፋርማሲውን ያስተዋት አንድ ጥያቄ ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንድ ደንበኛ ነበሩ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ እንደ ልማዷ «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት» አለቻቸው። ሰውየው በሩ ላይ ዞር ብለው «የምን ምግብ፣ ልጄ?» አሏት። ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አልቀለዱም። «ከምግብ በኋላ» ባለች ቁጥር የሰውየው ጥያቄ እየመጣ ሲቆረቁራት አንድ ዓመት ከረመ። በመጨረሻ ጋውኗን አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «አባባ፣ ምግብ መሥራት ልማር ነው» አለች።

አባቷ አልጮኹም፤ የሚጮኹ ሰው አይደሉም። «ዲግሪ ይዘሽ ለሰው ሽንኩርት ልትልጪ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «ልጅትስ?» ባለ ቁጥር «ለተጨማሪ ሥልጠና ሄዳ ነው» እያሉ ዓመት ከመንፈቅ ዘለቁ። ውሸት አይባልም። እውነት ነው ማለትም ይከብዳል።

ሁለተኛው ሰው ሾርባ ይባላል። የፍቅር ታሪክ ጀግና ስሙ ሾርባ መሆኑ እኔንም ደስ አይለኝም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ስም የሚያወጡት የሥራ ባልደረቦች እንጂ ጸሐፊዎች አይደሉም። የመረቅና የሾርባው ምድጃ በእሱ እጅ ነው፤ ሠልጣኞችንም ያግዛል። ወደዚህ ቤት የገባው ሳህን አጣቢ ሆኖ ነው። አራት ዓመት አጠበ፣ ሦስት ዓመት ላጠና ከተፈ፣ ከዚያ ምድጃ ያዘ። የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። ምላስ ግን አለው፤ ዋና ሼፏ ራሷ ስትጠራጠር «ሾርባን አስቀምሱት» ትላለች።

የሁለቱ ነገር የተጀመረው በጠብ ነው። ሚዛን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ሾርባ መለያ ክዳን ላይ ሲለጥፍ አየችና አላስችላት አለ።

«ክዳን እኮ ይቀያየራል» አለችው። «መለያ የሚለጠፈው ዕቃው ላይ ነው። ፋርማሲ ውስጥ እንዲህ ብታደርግ ሰው ትገድል ነበር።»

«እኔ በመረቅ የገደልኩት ሰው እስካሁን የለም» አለ፣ ጭልፋውን ሳያቆም።

ማዕድ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሚዛን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በማግሥቱ ጠዋት ግን ማቀዝቀዣ ክፍል ስትገባ መለያዎቹ ሁሉ ከክዳን ወርደው ዕቃዎቹ ሆድ ላይ በሥርዓት ተለጥፈው አገኘቻቸው። የዓመታት ልማዱን በአንድ ቀን የጣለላት ወንድ ከዚያ በፊት አልገጠማትም።

ከዚያ ደግሞ የቅንድቡ ነገር አለ። ሚዛን ምላሷን አታምነውም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ፋርማሲው ውስጥ ጣቷ ላይ የቀረ ነጭ ዱቄት ስትልስ አባቷ አይተው እጇን ቸብ አድርገው «እዚህ ቤት እጅና አፍ አይተዋወቁም» ብለዋታል፤ ቃሉ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ሼፍ ለመሆን መቅመስ ግዴታ ስለሆነ ትቀምሳለች። ቀምሳ ግን ቀና ትልና ሾርባን ታያለች። እሱም በየሠልጣኙ ምድጃ እየዞረ ይቀምስና ይፈርዳል። ቅንድቡ ካልተነሳ ደህና ነው። ግራው ከተነሳ ጨው አንሷል፣ ቀኙ ከተነሳ በዝቷል፣ ሁለቱም ከተነሱ ድፊው ማለት ነው። በአባቷ ፋርማሲም እንዲህ ያለ ሥርዓት ነበር፤ አንዱ የቀመመውን መድኃኒት ሌላው አይቶ ሳይፈርምበት ከባንኮኒው አያልፍም። «ሁለተኛ ዓይን» ይሉታል። አንድ ቀን ሾርባን «አንተ እኮ ሁለተኛ ዓይኔ ነህ» አለችው። ለፋርማሲ ሰው ይህ ከ«እወድሃለሁ» ይበልጣል። ሾርባም ገብቶታል፤ ያን ቀን ሽንኩርት ሳይከትፍ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዋለ።

ወር ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ግን ዝናብ ጣለ።

ሁለቱ ከሥራ ሲወጡ አንዲት የላስቲክ ከረጢት አናታቸው ላይ ዘርግተው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው እየሳቁ ነበር። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ አባቷ ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ፣ በሌላው ቦርሳ ይዘዋል። የፋርማሲው ፈቃድ ሊታደስ ስለሆነ የእሷን ፊርማ ፈልገው ነው የመጡት። እዚህ በር ሲደርሱ የመጀመሪያቸው ነው። ሚዛን ከረጢቷን ለቀቀችና ከሾርባ አንድ እርምጃ ራቀች። እግሯ ነው የራቀው፤ ልቧን ብትጠይቁት አያውቅም።

«ማን ነው?» አሉ አባቷ።

«እዚህ የሚሠራ ልጅ ነው» አለች።

አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም። የሚሠራ ልጅ ከሆነ ደግሞ ይታዘዛል። ወረቀቱን ከቦርሳቸው ማውጣት ነበረባቸውና የተዘረጋውን ጃንጥላ ወደ ሾርባ ሰደድ አድርገው «እስቲ ያዝልኝ፣ ልጄ» አሉት። ሾርባ ተቀበለ። ጃንጥላውን በአባትና በልጅ አናት ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ እነሱ ከሥሩ ሆነው አንድ ገጽ ሲገልጡና ሲፈርሙ እሱ ዝናቡ ላይ ቆመ። ውኃው ከፀጉሩ ወደ አንገቱ ሲወርድ አየች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አያት። ቅንድቡ አልተነሳም፤ ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልነበረም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። በማግሥቱ ሾርባ «እንደምን አደሩ» አላት። ዓመት ከመንፈቅ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው፣ በቢላዋና በእሳት መሃል አብሯት የዋለ ሰው፣ «እንደምን አደሩ» ሲላት እጇ ላይ የነበረው ካሮት ወደቀ። ፈገግ ብሎ ቢሆን ኖሮ ቀልድ ነው ትል ነበር። ፈገግ አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስቷን ሊቀምስ ሲመጣ «ጨው ይጨምሩ»፣ «እሳቱን ይቀንሱ» እያለ በአፉ ይናገራል፤ ቅንድቡን ነፈጋት።

ሚዛን ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። አራት ጊዜ ቀደደች፣ በአምስተኛው ጨረሰች። ዓርብ ከሥራ በኋላ ማንም ሳያይ መስቀያው ላይ በተንጠለጠለው ነጭ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተችው። ቅዳሜ መልስ የለም። ሰኞም የለም። ሳምንት አለፈ፣ ሾርባ «እንደምን አደሩ»ን አልተወም። አንብቦ ዝም ማለቱ ሳያነብ ከመቅረቱ ይልቅ አንገበገባት። ከዚያ በሌሎች አፍ ሰማች፤ ሩቅ ከተማ ያለ ሆቴል ቀጥሮታል፣ የሚሄደውም በምረቃው ዕለት፣ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ነው። ወሬው ለእሷ ከሌላው ሠልጣኝ በኋላ መድረሱ ራሱ ሌላ ቁስል ሆነባት።

ምረቃው ደግሞ ዛሬ ነው።

ማሠልጠኛው አንድ ልማድ አለው። ተመራቂዎች ለእንግዶች የሚያቀርቡት ምሳ የመጨረሻ ፈተናቸው ነው። እያንዳንዱ ተመራቂ የሠራውን ምግብ የመጀመሪያዋን ሳህን ራሱ ይዞ ይወጣና በአዳራሹ ካሉት ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል፤ ያ ሰው ምኑ እንደሆነም በሁሉ ፊት ይናገራል። አባቷ የጥሪ ወረቀቱ ሲደርሳቸው «እመጣለሁ» ብለዋል። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ሚዛን ግን ሳህኑ ለማን እንደሚሄድ አስባበት እንኳ አታውቅም፤ አባት ባለበት ለሌላ ለማን ይሰጣል?

አራት ሰዓት ላይ «ጨው የሌለው» የሚለውን ዕቃ አውጥታ ምድጃዋ ላይ ገለበጠች። የፈተናዋ ምግብ ቀላል ይመስላል፤ የዶሮ ሥጋ፣ ድንች፣ ከሥሩ ደግሞ መረቁ ለብዙ ሰዓት ተንተክትኮ አራት እጅ ከነበረበት አንድ እጅ ሲሆን የሚገኝ ቡናማ ሶስ። መረቁ በጎደለ ቁጥር ጣዕሙ ይጠነክራል። ጨው ካለበት ጨውም አብሮ ይጠነክራል፤ ለዚህ ነው መነሻው ጨው የሌለው መሆን ያለበት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ማንኪያ ነክራ ቀመሰች።

መለያው ጨው የለውም ይላል። ምላሷ ባሕር ነው ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ መለያና ሌላ ነገር ሲጣሉ ከመለያው ጋር ስትቆም ኖራለች። እንደ ልማዷ ቀና ብላ ቅንድብ ፈለገች። የሾርባው ምድጃ ጋ ማንም አልነበረም። እንደገና ቀመሰች፤ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«አይ፣ ልክ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። ጎኗ ያለው ተመራቂ ዞር ብሎ አያት። ድስቱን አንስታ ሶሱን እንዳለ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

ደፍታ ስታበቃ ነው የባነነችው። ሌላ መረቅ ማን ይሰጣታል? በዚህ ቤት መረቅ የሚገኘው ከአንድ ሰው ነው። የበደለችውን ሰው፣ ያውም በሚሄድበት ቀን፣ መረቅ ለመለመን ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ሄደች።

በሩን ስትከፍት ሾርባ ከውስጥ ሊወጣ ነበር። በእጁ አንድ ማሰሮ መረቅ ይዟል።

«ክዳኑ ተቀያይሯል» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ።

ሚዛን ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«የእንግዶቹን ሾርባ ስቀምስ ጨው የለውም» አለ ሾርባ። «ያኔ ገባኝ። ጠዋት ስቡን ለማንሳት የከፈተ ሰው አቀያይሮ ከድኖታል። ይኼን አትክልቱ ሳይገባበት ቀንሼ አስቀምጬልዎታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክዳን ላይ የለጠፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ሲያዩት እንዲያምዎት ብዬ ነው። ፈተናዎን ላበላሽ ግን አላሰብኩም። ለሼፏ እነግራታለሁ፣ ሰዓት ትጨምርልዎታለች።»

«ሰዓት አልጠየቅኩህም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«መልስ! እምቢም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን መልስ ነው። ሦስት ገጽ ጽፌልህ እንዴት አንድ ቃል ትነፍገኛለህ?»

«የምን ሦስት ገጽ?»

«ደብዳቤዬ! ጃኬትህ ውስጥ፣ የውስጠኛው ኪስ። ዓርብ ማታ።»

ሾርባ ማሰሮውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። «ዓርብ?» አለ ቀስ ብሎ። «ዓርብ ማታ እኮ ጃኬት ሁሉ ተሰብስቦ ለእጥበት ይሄዳል።»

ሚዛን ይህን አታውቅም ነበር። በፋርማሲ ሁሉም ጋውኑን ቤቱ ወስዶ ያጥባል። እሷም ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ ሌላው ሁሉ መስቀያው ላይ ሲተው፣ ጃኬቷን በቦርሳዋ ይዛ እየሄደች ቤቷ ስታጥብ ኖራለች። ኪስ ማለት ለእሷ የተቆለፈ መሳቢያ ነበር።

«ሰኞ ስለብሰው ከኪሱ ደረቅ ነጭ ጓል ወጣ» አለ ሾርባ። «ሶፍት መስሎኝ ጣልኩት።»

ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ እሷም አላወቀችም።

«ምን ይላል?» አላት።

«እ?»

«ደብዳቤው። ምን ይላል?»

ሦስት ገጽ የፈጀው ነገር፣ በብርዱ መሃል ትንፋሿ እየጨሰ ሲወጣ አጭር ሆነ። «ባንተ አላፈርኩም ይላል። አባባን ሳየው ሰባት ዓመቴ ሆነ፤ እጄን ሊመታኝ መሰለኝ። ፈራሁና አንተን ሰጠሁት። ይቅር በለኝ ይላል። ሌላው ሁሉ ድግግሞሽ ነው።»

ሾርባ መደርደሪያው ላይ ተደገፈ።

«ዝናቡ አይደለም ያመመኝ» አለ። «ጃንጥላ መያዝም አይደለም። የአባትሽን ጃንጥላ ብይዝ ክብሬ ነው። አራት ዓመት የሰው ሳህን አጥቤ አንድ ቀን አላፈርኩም። ግን ትልቅ ጃንጥላ ነበር። ሦስት ሰው ይይዛል። ቦታ እያለ ‹ጠጋ በል› አላልሽኝም። ውጭ ቆሜ ዓይንሽን ሳይ፣ ለካስ መርጠሻል አልኩ።»

«አንቺ» ማለቱን ልብ አላለውም። እሷ ግን ልብ ብላለች፤ ደስ ሊላት ሲገባ ይበልጥ አንጀቷን በላው።

«አሁን ብልህስ?» አለችው። «አሁን ጠጋ በል ብልህስ?»

«እዚህ?» አለ፣ ዙሪያውን እያየ። «እዚህ እኮ ማንም አያየንም፣ ሚዛንዬ።» ማሰሮውን አንስቶ ሰጣት። «በሰፊ መጥበሻ አድርጊው፣ ቶሎ ይጎድላል። ሂጂ።»

ማሰሮውን አቅፋ ወጣች። ይቅር ይላት እንደሆነ አላወቀችም፤ ጨርሶ እንዳልተዋት ግን አወቀች፣ ይኼ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር።

መረቁ በሰፊው መጥበሻ ላይ ጎደለ። መዝና አይደለም የጨው ቅንጣቶቹን የጣለችው፤ ቀምሳ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሾርባ ማንኪያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አጠገቧ ቆመ። በፈተና ቀን የሌላ ሰው እጅ መግባት ክልክል ነው፤ ስለ ምላስ ግን የተባለ ነገር የለም። ቀመሰ። ሚዛን ሁለቱን ቅንድቦቹን ተራ በተራ አየቻቸው። አልተነሱም።

«ይውጣ» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሽርጡን መፍታት ጀመረ።

አንዱ ቅንድቡ ቢነሳ ኖሮ አንድ ደቂቃ አብሯት ይቆይ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ስድሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ከእሷ ቀድሞ የወጣው ተመራቂ ሳህኑን ለቀድሞ አለቃው ወስዶ «ከሥራ ያባረሩኝ ሰው ናቸው፤ ባያባርሩኝ እዚህ አልደርስም ነበር» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞልቶ ነበር። ሳቁ ሳይበርድ ሚዛን ወጣች። አባቷ በመስኮቱ በኩል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ጥቁሩ ጃንጥላ ግን አብሯቸው መጥቶ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ይዟል።

ሳህኑን ከፊታቸው አስቀመጠች። «አባቴ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ልክ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ሰው ነው።»

ተጨበጨበ። በልማዱ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ተመራቂው ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። አባቷ ማንኪያውን አነሱ፣ ሶሱን ቀዱ፣ አፋቸው ጋ ሲያደርሱት ቆሙ። አርባ ዓመት የያዛቸው ልማድ ነው፤ አስበውበትም አልነበረም።

«ሁለተኛ ዓይን ማን ነው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዋና ሼፏ ናት» ማለት ይቻል ነበር። ያምኗታል፣ ይበላሉ፣ ያልቃል። ልክ እንደ ዝናቡ ቀን ቀላሉ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ምላሷን ግን ዛሬ ጠዋት ማመን ጀምራለች፤ የመልሱም ጣዕም መጥፎ ነበር።

«በሩ ጋ የቆመው ሰው ነው» አለች።

አባቷ ዞረው አዩ። ሾርባ በማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ሽርጡን አውልቋል፣ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ሳህኑ ሲወጣ አይቶ ሊሄድ ነበር።

«ታዲያ ለምን እዚያ ይቆማል?» አሉ አባቷ። «ሁለተኛ ዓይን ዕቃው ሲሰጥ ከጎን ነው የሚቆመው። አላስተማርኩሽም?»

«አስተምረኸኛል።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ና!»

ሾርባ መጣ። በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲያልፍ ሰው ሁሉ እየዞረ አየው። አባቷ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አዩት።

«አንተን የት ነው የማውቅህ?»

«ጃንጥላዎን ይዤልዎት ነበር፣ አባባ።»

ማንኪያው ወደ ሳህኑ ተመለሰ። አባቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እዚህ የሚሠራ ልጅ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር። እዚህ ይሠራል፣ እሱ ውሸት አይደለም። አንተም ለደንበኞች ‹ለተጨማሪ ሥልጠና ሄዳ ነው› ስትል ውሸት አይደለም።» «አንተ ግን የጠየቅከኝ ‹ማን ነው?› ብለህ ነበር።»

አባቷ ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ልብስ ጣል አደረጉ። ሽማግሌ ሲያፍር ማየት ከባድ ነው፤ የራስ አባት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሚዛን ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«እና፣ ማን ነው?» አሉ።

«የምወደው ሰው ነው» አለች። በፋርማሲው ባንኮኒ ላይ «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት» በምትልበት ድምፅ ነው ያለችው፤ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ግልጽ አድርጋ።

ማንም አላጨበጨበም። አባቷም «እሰይ» አላሉም፣ አልመረቁም። የሾርባን ሻንጣ አዩት። «መንገደኛ ነህ?»

«አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለኝ።»

የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ገና ሰባት ከሩብ ነው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ጃንጥላውን ከወንበሩ ላይ አነሱና ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ማንኪያቸውን አነሱ።

ሾርባ ባዶውን ወንበር አየው። አልተቀመጠም። ሚዛንን አያት፤ በወር ከአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ቅንድቡ ትንሽ ከፍ አለ። የቀረ ነገር አለ ማለት ነው።

እሷም ወንበሩን ሳበችለት፣ ስድሳ ሰው እያየ፣ አባቷ እያዩ።

«ጠጋ በል» አለችው።

ሻንጣውን ከትከሻው ሲያወርድ፣ ከዝናቡ ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ለቀቃት።